አሳሪው ያልተጻፈበት ማመልከቻ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተን ማመልከቻ የምንጽፍ ሦስት ሰዎች ነን። ከሦስቱ ጃንጥላዎች ትልቁ የእኔ ነው። ቅኔ ቤት ገብቼ ጉባኤ ቃና ላይ ተውኩት፤ ጉባኤ ቃና ማለት የመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት ነው። ሕግም በርቀት ጀምሬ ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጫለሁ። ሁለት ያላለቁ ትምህርቶች ሲደመሩ አንድ ያለቀ የሚወጣቸው ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ጎረቤቶቼ በአንድ ገጽ የሚጨርሱትን እኔ በሦስት ገጽ እጽፋለሁ።

ሥራችን ላይ በብዛት የሚመጣው የእስር ነገር ነው። ባላገሩ ግን ነገሩን በአጭሩ ነው የሚናገረው። «ልጄ ገባ» ይላል፤ የት እንደገባ ማንም አይጠይቀውም። «ወንድሜ ወረደ» ይላል፤ ዘብጥያ መሆኑ ይታወቃል። ሽማግሌዎቹ ወህኒ ይላሉ፣ የከተማው ጎረምሳ ሸቤ ይላል። ዞረው ዞረው ግን ሁሉም የሚያርፉት አንዱ ቃል ላይ ነው፤ ታሰረ። እኔ ይህን ቃል አልወደውም ነበር። ላም ትታሰራለች፣ ነዶ ይታሰራል፣ የጫማ ክር ይታሰራል። ሰው ከነዚህ ጋር እንዴት በአንድ ቃል ይነገራል እያልኩ ለጎረቤቶቼ እፈላሰም ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። ቃሉን ማንም ስለሚያውቀው ነው የጠላሁት። ማንም የሚያውቀውን ቃል ጽፌ ከሰጠሁት ሰውየው ለምን ወደ እኔ ይመጣል? «ታሰረ» ያለኝን ሁሉ «በሕግ ጥላ ሥር ውሎ በማረሚያ ቤት የሚገኝ ታራሚ» እያልኩ እጽፍለታለሁ። አንብቤ ሳሰማው ሳይገባው ራሱን ይነቀንቃል። ያ የሚነቀነቅ ራስ ነው ያሳበጠኝ።

ሴትዮዋ የመጣችው በሐምሌ ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ የሚዘንብበት ቀን። ላስቲክ ተከናንባለች፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሷል። ከጃንጥላዬ ውጭ ዝናቡ ላይ ቆማ እስክጠራት ትጠብቅ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢሞላት ነው። ግቢ አልኳት፤ ገብታ ጫፉ ላይ ቆመች።

«ባሌ ታስሮብኝ ነው» አለችኝ። «ፋሲካ ካለፈ ጀምሮ ታስሯል። እንዲፈታልኝ ወረቀት ይጻፉልኝ።»

ስሙን፣ ዕድሜውን፣ አገሩን ጠየቅኋት። ከቡሬ ማዶ ነን አለች። ቡሬ የራሱ ፍርድ ቤት እያለው ለምን እዚህ ድረስ እንደመጣች ልጠይቃት ይገባ ነበር። ዝናዬ ቡሬ ደርሶ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ጥፋቱን ጠየቅኋት። ጥፋትስ የለበትም አለች። ሚስት ሁሉ እንዲህ ስለምትል ፈገግ አልኩና ጽሑፌን ቀጠልኩ። አሁን እንዴት ነው ብዬ ጠየቅሁ።

«አሁንማ ልብ ገዝቷል። እንደ ሰው ይጫወታል፤ ጸሎቱን ያደርሳል።»

ልብ ገዝቷል የሚለውን «እጅግ በመጸጸት» ብዬ ጻፍኩት። ቀጥዬ ስለ ወላጅ አባቱ ጠየቅኋት፤ ለልመና የአባት እርጅና ጥሩ ነገር ነው። አባቱም አብረውት ታስረዋል አለች። አልደነገጥኩም። አባትና ልጅ በአንድ ድንበር ጠብ አብረው ሲገቡ አይቻለሁ፤ በአንድ መዝገብ አስገባኋቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እስከዚህ ድረስ ሴትዮዋ አንድም የሐሰት ቃል አልተናገረችም። እኔም አንድም ጥያቄ በትክክል አልጠየቅሁም።

ሲያልቅ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ጎረቤቶቼም እንዲሰሙ ነው። ባለቤቴና ወላጅ አባቱ ቀደም ሲል በፈጸሙት ድርጊት እጅግ ተጸጽተው፣ በአሁኑ ወቅት መልካም ሥነ ምግባር ያላቸው ታራሚዎች በመሆናቸው፣ የተከበረው ፍርድ ቤት በርኅራኄ ተመልክቶ በአመክሮ እንዲፈቱልኝ፣ ይላል ወረቀቱ። ሴትዮዋ ራሷን አልነቀነቀችም። አማቴንም ጠርተውልኛል ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ሁለቱንም ጠርቻለሁ አልኳት። አሻራዋን አሳርፋ ወረቀቱን ሳመችው፤ ከላስቲኩ ሥር ሸጉጣም ወደ ግቢው ገባች።

ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የፍርድ ቤቱ ጥበቃ መጥቶ ዳኛዋ ይፈልጉሃል አለኝ። ኮቴን ለበስኩ፤ ባርኔጣዬን አስተካከልኩ። በሥራ ዘመኔ ዳኛ አስጠርቶኝ አያውቅም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚጽፍ ማነው ብለው ነው ብዬ እንዳሰብኩ አልደብቅም። ደረጃውን ስወጣ የትሕትና መልስ እያዘጋጀሁ ነበር።

ዳኛዋ ወጣት ናቸው፤ ከኔ በአሥር ዓመት ያንሳሉ። ሴትዮዋ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች። ማመልከቻዬ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎን፣ እኔ ነኝ» አልኩ፤ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

ዳኛዋ የአባትና የልጁ ስም በየትኛውም መዝገብ የለም አሉኝ። ሬጅስትራሩ ማረሚያ ቤት ደውሎ ጠይቋል፤ ፖሊስ ጣቢያም ጠይቋል። እንዲህ የሚባል አባት፣ እንዲህ የሚባል ልጅ የታሰረበት ቦታ አልተገኘም። እኔም ወደ ሴትዮዋ ዞሬ የተሳሳተ ስም የሰጠችኝ እሷ መሆኗን በዓይኔ ልናገርባት ሞከርኩ። ዳኛዋ ግን ጥያቄውን እኔን ዘለው ለእሷ አቀረቡ።

«ባልሽን ማን ነው ያሰረው?»

«አባቱ ናቸው» አለች።

«አባቱንስ?»

«እሳቸውማ ራሳቸውን።»

እኔ ኮቴን ለምን እንደለበስኩ ጠፋኝ።

ነገሩን ዳኛዋ ቀስ እያሉ አንድ በአንድ አወጡት። ባልየው በሚያዝያ ታመመ። ብቻውን ማውራት ጀመረ፤ ከቤት እየወጣ ይጠፋል። አንድ ቀን ከወንዝ ነው ጎትተው ያወጡት። አባትየው ጸበል ወሰዱት። እንዳይጠፋ እግሩን በሰንሰለት አሰሩት። የሰንሰለቱንም ሌላ ጫፍ በራሳቸው እግር ቆለፉት። በሽተኛው ከተሻለው ሰንብቷል፤ ከቡሬ ሆስፒታል ያመጣችለትን ኪኒንም ይወስዳል። አባትየው ግን ለመፍታት ፈሩ። ሁለት ወንድ ታስሮ እሷ ከሁለት ሕፃናት ጋር ቀረች። አማቷ የሚያከብሩት ማኅተም ያለበትን ወረቀት ብቻ ስለሆነ፣ ወረቀት ይዛላቸው ልትመለስ መጣች። ቡሬ ያልሄደችውም እዚያ አማቷን የሚያውቅ ሰው ስለሚበዛ፣ እንዳታሳፍራቸው ብላ ነው።

ዳኛዋ ሕጉ መንገድ እንዳለው ነገሯት፤ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ የሚባል አለ። ግን አባትየው ተከሳሽ ተብለው መጠራት አለባቸው። ሴትዮዋ አማቴን አልከስም አለች።

«እሳቸውን ከስሼ የማን ደጅ ልኖር ነው?»

ዳኛዋ ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኔ የዞሩት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ሦስት ገጽ ጽፈዋል» አሉኝ። «ታሰሩ፣ ይፈቱ ይላል። ማን እንዳሰረ ግን አንድም ቦታ የለም። እርስዎም አልጠየቁም። ሄደው አይተው ይምጡና ይጻፉ፤ ያን ጊዜ አነበዋለሁ።»

ወደ ጃንጥላዬ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ጎረቤቶቼ አይስቁም ነበር፤ ማለቴ፣ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሴትዮዋ ተከትላኝ ወጣች። ያለ ምንም ቁጣ «ወንጀለኛ ያሏቸውን ሰዎች መጥተው ይዩዋቸው» አለችኝ።

ሄድኩ። ጸጸት ወሰደኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። የወሰደኝ ግን በማግስቱ ከሁለቱ ጎረቤቶቼ መሀል ተቀምጦ የመዋል ፍርሃት ነው።

እሷ ያን ቀን ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት አደረች፤ በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ይዘን ቡሬ ደረስን። ከቡሬ ጠጠር መንገዱ እስከሚያልቅበት በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ያደረግሁት የቢሮ ጫማ፣ አፍንጫው የሾለ ነው፤ ለፍርድ ቤት ደረጃ እንጂ ለሐምሌ ጭቃ የተሠራ አይደለም። እሷ በላስቲክ ጫማዋ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ እኔ እየተንሸራተትኩ እከተላለሁ። መጀመሪያ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ፣ ቀጥሎ ኮቴን፤ ኋላ እጄን ያዘችኝ።

አንድ ተዳፋት ላይ ቆም ብላ በአገጯ አንድ ማሳ አሳየችኝና ይኸ የኛ ነው አለች። ለምለም ነው፤ ከጎረቤቶቹ ማሳ ሁሉ ይበልጥ የደመቀ አረንጓዴ። ላጽናናት ፈልጌ እግዜር ይመስገን፣ ዘንድሮ ዳጉሳችሁ ምንኛ አምሯል አልኳት።

«እሱ አረሙ ነው» አለችኝ። «ዳጉሳው ከሥሩ ነው ያለው።»

እኔ እኮ የገጠር ልጅ ነኝ። አረምና ዳጉሳ ሲበቅሉ እንደሚመሳሰሉ፣ ለይቶ ማረም ትልቅ ሰው እንደሚፈልግ በልጅነቴ የተማርኩት ነው። እሱንም ከሌሎቹ ትምህርቶቼ ጋር ጥዬው ኖሯል።

ጸበሉ ያለው ከገደሉ ሥር ነው። ቁልቁለቱን ሳልጀምረው ለአባትየው የምናገረውን ንግግር ማጥናት ጀምሬ ነበር። «የተከበሩ አባት፣ የግለሰብ ነጻነት ተፈጥሯዊ መብት እንደመሆኑ መጠን» እያልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ በእጄም እያስረዳሁ እወርዳለሁ። መጠን ላይ ስደርስ ወደቅሁ። ተነሣሁ። ጥቂት ሄጄ ደግሞ ወደቅሁ፤ ይኸኛው በጀርባ ነው፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተላጋሁ ብዙ ወረድኩ። ባርኔጣዬ ወደ ገደሉ ሄደ። ከራስ ጠጉሬ እስከ እግሬ ጭቃ ሆንኩ። ሴትዮዋ በክንዴ ይዛ ስታስገባኝ አሁንም ንግግሬ እንዳይጠፋኝ በከንፈሬ እደግመው ነበር።

አጥማቂው ሽማግሌ ቄስ ናቸው። መስቀላቸውን ይዘው ከምንጩ አጠገብ ቆመዋል። ሴትዮዋን ያውቋታል፤ እኔን አይተው አዘኑ።

«ይኸኛው ደግሞ ምንሽ ነው?» አሏት።

«ጸሐፊ ናቸው፣ አባ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ሴትዮዋ መልስ እስክትፈልግ አባ ቅሉን ሞልተው አናቴ ላይ አፈሰሱብኝ። ውሀው አጥንት ይሰብራል። ሁለተኛውን ሲደግሙልኝ ኧረ እኔ ደኅና ነኝ አልኩ። አባም ሁሉም እንዲሁ ይላል ብለው ሦስተኛውን አፈሰሱት። በስመ አብ ስለተባለበት እምቢ ማለትም አልደፈርኩም። ለነገሩ ጭቃውን አጠበልኝ። ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማ ነበር፤ የት ነው ያየሁት ያልኩት የትከሻ መንቀጥቀጥ እዚያም ነበር።

አባትና ልጅ ያሉት ከምንጩ ፈንጠር ብላ በተሠራች የሣር ጎጆ ውስጥ ነው። ስንገባ ጭድ ላይ ተቀምጠው ሽምብራ ቆሎ ይበላሉ። ሰንሰለቱ በመሀላቸው ተጋድሟል፤ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። የልጁ ቁርጭምጭሚት እንዳይቆስል ከብረቱ ሥር በነጠላ ቅዳጅ ተጠቅልሏል። የአባትየው አልተጠቀለለም። ብረቱ የነካው ቆዳ ቀልቶ፣ ውሀ ቋጥሯል።

ልጁ ቦታ ሊለቅልኝ ፈቀቅ ሲል የአባቱ እግር አብሮ ተንቀሳቀሰ። አባትየው ንግግራቸውን እንኳ ሳያቋርጡ አብረው ፈቀቅ አሉ። እንዲህ መንቀሳቀስ ለምደውት ነበር። ልጁ ቀጭን፣ ዓይኑ የረጋ ሰው ነው። ውሀ እየተንጠባጠበብኝ ስንቀጠቀጥ አይቶ በሽተኛ መሰልኩት።

«አይዞህ» አለኝ። «መጀመሪያ ነው እንጂ ኋላ ይለመዳል።»

ሴትዮዋ ማን እንደሆንኩ፣ ከየት እንደመጣሁ ነገረቻቸው። አባትየው ወረቀቱ የታለ አሉኝ። ዳኛዋ ማመልከቻውን መልሰውልኝ ስለነበር ከቦርሳዬ፣ ከጠቀለልኩበት ላስቲክ አወጣሁት። ማኅተም እንደሌለው ሲያዩ ፊታቸው ወረደ፤ ቢሆንም አንብብልኝ አሉ። ማንበብ አልነበረብኝም። ግን ሦስት ገጽ ጽፎ አንብብ ሲባል እምቢ የሚል ሰው አይደለሁም። ያን የተከበረውን፣ በርኅራኄ የተመለከተውን ሁሉ አነበብኩላቸው። ታራሚዎች ከሚለው ስደርስ አባትየው እጃቸውን አነሱ።

«ምንድን ነው የታረመው?» አሉኝ። «የታረመ ነገር የለንም። ዳጉሳው እንኳ ሳይታረም ቀርቷል።»

ልጁ ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው፤ ያለ አንዳች ጉድለት የሚስቅ የደኅና ሰው ሳቅ። አባትየው ግን ክው አሉ። እጃቸው ሰንሰለቱ ላይ ዐረፈ፤ ዓይናቸው የልጃቸው ፊት ላይ ቀረ። ልጁ ይህን አየና ሳቁን አቆመ። ወረቀቱን አጠፍኩት። ንግግሬንም ከዚያ ወዲያ አላስታወስኩትም።

አባትየው ከዚያ በኋላ ብዙ ነገሩኝ። ልጃቸውን ከወንዙ ያወጡት መንገደኞች ናቸው፤ እሳቸው ማሳ ላይ ነበሩ። ሁለት ሰዓት የሚሆን መንገድ ሄዶ እስኪገኝ አላወቁም። ጸበል ሲያመጡት ሰዎች ከግንድ ጋር እሰሩት አሏቸው። ልጄን እንደ ከብት ከግንድ አላስርም ብለው ሰንሰለቱን ከራሳቸው ጋር አደረጉት። ሦስት ወር ሲሆን እሱ በተኛበት ተኝተዋል፤ በሄደበት ሄደዋል። እኔም መቼም ሕግ ላስተምር መጥቻለሁና፣ ሰውን ያለ ፍርድ ማሰር እንደማይገባ ጀመርኩላቸው።

«አስሬው አይደለም» አሉኝ። «ይዤው ነው።»

ልጁ ለእኔ ሳይሆን ለአባቱ ተናገረ። ዓይኑ እግራቸው ላይ ነበር።

«አባቴ» አለ፣ «እግርዎ እኮ ቆስሏል።»

አባ ያን ጊዜ ገቡ። ሱባኤው ካለቀ ሁለት ወር እንዳለፈው፣ ፍቱት ብለው ደጋግመው እንደነገሯቸው፣ ኪኒኑም ከጸበሉ ጋር እንደማይጣላ አሁንም ተናገሩ። አባትየው አቀርቅረው ሰሙ። በመጨረሻ ቀና ብለው መንግሥት ሰው ሲፈታ ዋስ ይጠራል አይደል ወይ ብለው እኔን ጠየቁኝ። አዎን አልኩ። እሳቸውም ዋስ ይጠራሉ። ሚስት ለባሏ ዋስ አትሆንም አሉ። አባ ቦታውን ጥለው መውጣት አይችሉም። ጎጆዋ ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ዋስትና በሕጉ መሠረት ከዕውቂያ የሚመነጭ ነው ብዬ ለማምለጥ ሞከርኩ።

«በወረቀት ያሰርከን አንተ ነህ» አሉኝ። «እንግዲህ በወረቀት አስፈታን።»

የማመልከቻውን ጀርባ ገልብጬ እስክርቢቶዬን አወጣሁ። አባትየው ቃል በቃል አጻፉኝ። ከላይ ስማቸው የተጠቀሰው ብዬ ልጀምር ስል ምንድን ነው እሱ አሉኝ፤ አሰረዙኝ። እያሰረዙኝ፣ እየሰረዝኩ የቀረው ይኸ ነው። ልጄን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ የፈታሁት እኔ ነኝ። ዋሱ ይህ ሰውዬ ነው። ሦስተኛውን ከመጻፌ በፊት እስክርቢቶው ይጽፍ እንደሆነ መዳፌ ላይ ሞከርኩ።

ቁልፉን ከአንገታቸው፣ ከማተባቸው ጋር ካለው ክር አወጡት። ሁላችንም ጠጋ ብለን አየን። ቁልፉ አልዞረም። ሦስት ወር የጸበል ውሀ የጠጣ ጓጉንቸር ዝጎ ድንጋይ ሆኗል። ልጁ ሞከረ፣ አባ ሞከሩ። እኔ ስሞክር ቁልፉ ሊሰበር ደረሰና ቀሙኝ። ሴትዮዋ ሄዳ ከአስታማሚዎች የኑግ ዘይት ለምና መጣች። ጠብ ጠብ እያደረገች ብዙ ጠበቀች፤ ከዚያ በሁለት ጣቷ እንደ ቀላል ነገር አዞረችው። የልጁ ጓጉንቸር ወለቀ፤ ቀጥሎ የአባትየው። ልጁ እግሩን ከዘረጋ በኋላ ወዲያው ያደረገው፣ የራሱን ቅዳጅ ፈትቶ የአባቱን ቁስል መጠቅለል ነው። ሴትዮዋ ወደ ውጭ ወጣች። ተከትዬ ልወጣ ስል አባ በዓይናቸው ከለከሉኝ።

አቀበቱን ስንወጣ አባትየው ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ ይሄዱ ነበር፤ ልጁም ከሳቸው ክንድ ተኩል ሳይርቅ ይራመዳል። እኔ በየአምስት እርምጃው ስንሸራተት ዋስ የሆንኩለት ሰው መጥቶ ደግፎ አወጣኝ።

ዋስ መሆን ምን እንደሆነ ያወቅሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ከቡሬ የሚመጣ ሰው ሁሉ ላይ ልጁ ደኅና ነው ወይ እያልኩ እጣበቅ ጀመር። በነሐሴ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሴትዮዋ ደወለች። ከጠዋት ጀምሮ አላየነውም፤ ዋሱ እርስዎ አይደሉም ወይ አለችኝ። ጃንጥላዬን እንኳ ሳላጥፍ ሮጥኩ። ሚኒባሱ በየመንደሩ ሲቆም ሹፌሩን እለምናለሁ፤ ወንዙ እየሞላ ነው ብዬ መንገደኛውን ሁሉ አስጨንቄያለሁ። ደርሼ ተዳፋቱን ስወጣ አባትየው ማሳው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ልጁ ከማሳው ማዶ፣ ከቤት በማይታየው በኩል ጎንበስ ብሎ ዳጉሳ ያርማል። ገና ጎህ ሲቀድ ነው የጀመረው። አባትየው ቀድመውኝ ነው ያገኙት። አልጠሩትም፤ ዝም ብለው ተቀምጠው ያዩታል።

«ተመለስ ልለው ፈለግሁ» አሉኝ። «ምን ሠራ ብዬ?»

እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያን ቀን አረሙንና ዳጉሳውን እንድለይ አስተማሩኝ። አንድ ትልም ሰጥተውኝ ሞከርኩ፤ አንዱን ትልም ሳልጨርስ ዳጉሳ ነቅለሃል ተብዬ ተነሣሁ።

በጥቅምት ደግሞ ሕመሙ ተመለሰበት። ቡሬ ሆስፒታል ጥቂት ቀን ተኛ። ማንም አላሰረውም፤ አባትየው በሩ ላይ ተቀምጠው ሰነበቱ። ኪኒኑ ተለወጠለትና ወጣ። ሁሉ ነገር አለቀለት ብዬ አልጽፍም። እንዲህ ያለ ነገር የሚያልቅ አይደለም።

ለዳኛዋ ያችን ወረቀት ወስጄ አሳይቻቸዋለሁ። ጀርባውን አነበቡ። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበቡና ማን ነው የጻፈው አሉኝ። እኔ ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። አባትየው ናቸው አልኩ።

«ያስታውቃል» አሉኝና መለሱልኝ።

በታኅሣሥ ልጁ ራሱ ፍኖተ ሰላም መጣ። አዲስ ጋቢ ለብሷል፤ ጉንጩ ሞልቷል። ዘመድ እንደመጣብኝ ደስ አለኝና ከጃንጥላዬ ሥር አስቀመጥኩት። ማመልከቻ ነው የፈለገው። አንድ ጎረቤታቸው ከብቶች ወደ ወንዝ የሚወርዱበትን መንገድ በእሾህ ዘግቷል፤ እንዲከፈት ይጻፍልኝ አለ። ወረቀት አወጣሁና ማን ነው የዘጋው አልኩት፤ ነገረኝ። እሱ ለመሆኑ በምን አወቅህ አልኩ። መቼ? በማን ፊት? እሾሁን ሲጎትት ያየው አለ ወይ? ከዚያ በፊት መንገዱን የከፈተው ማን ነበር? ለከፈተው ሰውስ የፈቀደለት? አንድ መስመር ሳልጽፍ ብዙ ሰዓት ሄደ። ልጁ ሁሉንም በትዕግሥት መለሰልኝ። ጥቂት ቆይቶ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አያት።

«አያ» አለኝ፣ «ልንቀሳቀስና ልምጣ።»

ተነሥቶ ሄደ። ውሀ ሊጠጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ከጎረቤቴ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ አየሁት። ጎረቤቴ በግማሽ ገጽ ጨርሶ ሰጠው። ልጁ ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ከተተ፤ መጥቶም በሁለት እጁ ጨበጠኝ። አባቱ ሰላም በልልኝ እንዳሉት ነገረኝ። ሻይ ልጋብዝህ አልኩት፤ የቡሬ መኪና እየሞላ ስለነበር ቸኮለ።